ላሊበላ ብራ ነው እየተባለ ትንሿ አውሮፕላን ለምን ኮምቦልቻ ቀረች?

ሸዋበር፦

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች። ትንሽ ስለበገንኩ ነው የምጽፈው። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ከአዲስ አበባ ላሊበላ የምታደርሰን አውሮፕላን ተከራይተን ነበር። ሴስና ካራቫን የሚሏት ናት። አንድ ሞተር፣ አፍንጫዋ ላይ አንድ ፕሮፔለር። ጠዋት ትነሳላችሁ ተባልን። ይህ ወረቀት ጎደለ፣ ያ ሰው ቀረ ሲባል ስድስት ሰዓት አለፈ። ከተነሳን በኋላ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ከሰሜን ሸዋ ወዲህ ግን ደመናው እየወፈረ፣ እሷም ታንገላታን ጀመር። በመጨረሻ ፓይለቱ ዞር ብሎ «ኮምቦልቻ ነው የምናርፈው» አለን።

አረፍን። ኮምቦልቻ ፀሐይዋ አናት ይበሳል። ላሊበላ ያሉ ሰዎቻችን ጋ ደወልን፤ «እዚህ ብራ ነው፣ ምን ነካችሁ?» አሉን። አለቃችን ፓይለቱን አንዴ ሲለምነው አንዴ ሲቆጣው ቆየ። ሰውየው ፍንክች አላለም። «ነገ ጠዋት» አለና የሞተሩን አየር ማስገቢያ በቀይ መድፈኛ ደፈነ። ክንፎቿንም መሬት ላይ ካሉ ቀለበቶች ጋር በገመድ ጠፍንጎ አሰራቸው። በዚያ ፀሐይ! እኛም ቆመን አየነው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ያረፍንበትም የምንሄድበትም ብራ ከሆነ መሃል ላይ ምን አለ? ሰውየው ፈርቶ ነው ወይስ ልክ ነው?

ባቲ ሰኞ፦

ፈሪ ለእናቱ። ደግሞ ኮምቦልቻ ማደርን እንደ እስር ነው እንዴ የምታወራው? ወጣ በልና ጥብስህን ብላ፣ ቡናህን ጠጣ።

ሙጋድ፦

እኔም እንደ ሸዋበር ነው የማስበው። ፈረንጅ አገር በረዶ እየወረደ፣ ማኮብኮቢያው ነጭ ሆኖ፣ አውሮፕላን ሲነሳ ሲያርፍ በዩቲዩብ እናያለን። እኛ አገር ግን አንድ ደመና ብቅ ሲል በረራ ይሰረዛል። ዝናብ ነው እንጂ እሳት አይደለም የሚዘንበው። ሰዉ የከፈለው ብርም አለ።

አወያይ፦

የአከራዩን ድርጅት ስም የጠራ አንድ መልእክት አንስቻለሁ። ስለ አየር ጠባዩ ተወያዩ፣ ስም አትጥሩ። ሐያ፣ ቀጥሉ።

አሮጌው ዊንድሶክ፦

ሸዋበር፣ ፓይለቱ ልክ ነው። ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ብዙ ዘመን ሠርቼ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጊዜው ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ።

በመጀመሪያ መንገዱን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር አካባቢ ነው። የላሊበላውም ወደ 1,960 ሜትር ይጠጋል። ሁለቱም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ናቸው። በመሃላቸው በአየር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ለካራቫን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግን ያ ግማሽ ሰዓት በምን ላይ ነው የሚያልፈው? አምባሰል አለ። ደላንታ አለ። ዋድላ አለ። ደጋው 3,000 ሜትር እየነካ ነው የሚሄደው። ላሊበላ ራስጌ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ቆሟል።

አሁን ነሐሴ ነው። እርጥብ አየር ይመጣል፣ ተራራ ይገጥመዋል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ስለዚህ ደመናው የሚቀመጠው ቆላው ላይ ሳይሆን ተራራው ላይ ነው። አንተ ኮምቦልቻ ሆነህ ሰማይ ታያለህ። ላሊበላ ያለውም ሰማይ ያያል። ደላንታ ላይ ግን እረኛው ከፊቱ ያለችውን በግ አያያትም። መሃል ላይ ያለው ይህ ነው።

በታቹ ይሂድ ትል ይሆናል። ከታች መሬቱ አለ። በዓይን እያዩ ለመብረር ሕጉ ግልጽ ነው። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ካለፍክ ከፊትህ 8 ኪሎ ሜትር ጥርት ብሎ ሊታይህ ይገባል። ከደመናው በጎን 1,500 ሜትር፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 300 ሜትር መራቅ አለብህ። ደመናው ደጋው ላይ ተኝቶ ሳለ ይህን የት ታገኘዋለህ? ያለህ ሸለቆ ለሸለቆ ማለፍ ብቻ ነው። ሸለቆ ደግሞ ጫፉ ይዘጋል። ለዚህ ነው ተራራ ላይ የሚበር ሰው የሸለቆውን መሃል የማይዘው። አንዱን ጥግ ተጠግቶ ይበራል። መዞር ቢያስፈልገው የሸለቆው ሙሉ ስፋት ይቀርለታላ። መሃሉን ይዞ ከገባ በኋላ «ልዙር» ያለ ሰው ግማሽ ቦታ ብቻ ነው ያለው።

በላዩስ? ይህኛው የባሰ ነው። በደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመራህ ስትበር፣ ተራራማ አገር ላይ ከአካባቢው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 600 ሜትር ከፍ ማለት ግዴታ ነው። አቡነ ዮሴፍ ላይ 600 ደምርበት። 4,800 ሜትር አለፈ። በክረምት በእኛ ሰማይ ዜሮ ዲግሪ የሚገኘው ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። አያችሁ ነገሩን? ከተራራው ለመራቅ የምትወጣበት ከፍታ፣ በረዶ ክንፍ ላይ መጋገር የሚጀምርበት ከፍታ ነው። ካራቫን ደግሞ ውስጧ እንደ ጄት አየር የታመቀበት አይደለም። እዚያ ላይ ሰው ኦክስጅን ይፈልጋል። ትልልቁ አውሮፕላን በላዩ ያልፋል፤ ለትንሿ ግን ወለሉና ጣሪያው ተገናኝቶባታል።

እስካሁን ያወራሁት ዝም ብሎ ስለተኛ ደመና ነው። ነጎድጓዱን ገና አልነካሁትም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ገደሉን ስታሞቀው ኩሙሎኒምበስ የሚባለው ቋሚ ደመና ይነሳል። አናቱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ውስጡ ሽቅብ የሚወረውር ንፋስ፣ ቁልቁል የሚደፍቅ ንፋስ፣ በረዶና መብረቅ አለ። እሱን ሲያዩ ከ37 ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ የአብራሪዎች የተለመደ መመሪያ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ላይ ቁሙና 37 ኪሎ ሜትር ክብ አዙሩ። ደሴ ውስጡ ነው። ሐይቅ ውስጡ ነው። ሐርቡም ባቲም ውስጡ ናቸው። ደሴ አጠገብ ያለው ጦሳ ተራራ ላይ አንድ ጥቁር ደመና ከቆመ ኮምቦልቻ ፀሐይ ቢሆንም ማኮብኮቢያው አጠገብ ቆሟል ማለት ነው።

ክንፏን በፀሐይ ያሰራትም ለዚሁ ነው። ነጎድጓዱ ከመምጣቱ በፊት ንፋሱ ቀድሞ ይመጣል። ያልታሰረች ትንሽ አውሮፕላን ቆማ ሳለ ትገለበጣለች።

የላስታ ልጅ፦

አሮጌው ዊንድሶክ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሸዋበር ላሊበላ ደውዬ «ብራ ነው» አሉኝ ብለሃል። የት ሆነው ነው ያሉህ? ከተማው 2,500 ሜትር ላይ ነው፣ አየር ማረፊያው ታች ቆላው ላይ። በመኪና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከተማው በጉም ተሸፍኖ ማረፊያው ጥርት ያለበት ቀን አለ፤ የሱ ግልባጭም አለ። ሆቴል በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ ያለ ሰው ስለ ማኮብኮቢያው ሊነግርህ አይችልም። እኛ እንግዳ ለመቀበል ስንወርድ ነው የምናየው።

ሙጋድ፦

እሺ ተራራው ገባኝ፣ አክብሬያለሁ። ግን ራዳር የለም እንዴ? ዝናቡ የት እንዳለ አይቶ በመሃል መሹለክ አይችልም?

አሮጌው ዊንድሶክ፦

ራዳር የሚያሳይህ የውሃ ጠብታና በረዶን ነው። ጉምን በወጉ አያሳይህም፣ አየሩ የት እንደሚናወጥም አይነግርህም። ደግሞ አንድ ተንኮል አለበት። ከፊትህ ያለው ዶፍ ከባድ ከሆነ የራዳሩን ሞገድ ውጦ ያስቀረዋል። ከኋላው ሌላ የባሰ ቢኖር እንኳ የራዳሩ መስኮት ላይ ባዶ ሆኖ ይታይሃል። ወጣት አብራሪ «ቀዳዳ አገኘሁ» ይላል። ቀዳዳ አይደለም፣ ጥላ ነው። ሁለት ነጎድጓድ መሃል መሹለክ ያልከው ነገር እዚያ ያስገባል።

ካዴቱ፦

ሰላም፣ የአብራሪነት ተማሪ ነኝ። ስለ ደመና የተማርነው አንድ ቁጥር ከጭንቅላቴ አይወጣም። በ1954 በፈረንጆች አቆጣጠር ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎችን ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ዓይናቸውን ከውጭ ከልለው አበረሯቸው። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም! ምክንያቱ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜታችን ነው። አድማስ ካላየን እየዞርን ሳለ ቀጥ ብለን የምንሄድ ይመስለናል።

ስለ ኮምቦልቻ ደግሞ፣ ከፍታና ሙቀት ሲደራረቡ አየሩ ይሳሳል። 27 ዲግሪ ሲሆን 1,860 ሜትር ላይ ያለው ማኮብኮቢያ ለክንፉና ለሞተሩ እንደ 2,700 ሜትር ነው የሚሆነው። ለመነሳት ረጅም ይሮጣሉ፣ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ክረምት ላይ ችግሩ ይህም ነው አይደል?

አሮጌው ዊንድሶክ፦

ካዴቱ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፣ ወቅቱን ግን አስተካክል። የአየር መሳሳት ኮምቦልቻን የሚያስቸግራት ግንቦትና ሰኔ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ነው። ክረምቱ ሲገባ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ በዚህ በኩል እንዲያውም ይሻላል። የክረምት ጣጣ እርጥብ ማኮብኮቢያ፣ ዝቅ ያለ ደመና እና ድንገት አቅጣጫ የሚቀይር ንፋስ ነው። ባለ ፒስተን ሞተር የምትማርበት አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተርህን እወቅ። ብዙ ሰው በረዶ የሚመጣው በብርድ ብቻ ይመስለዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ውጭው 15 ወይም 20 ዲግሪ ሆኖ ካርቡሬተር ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ይሠራል። ቤንዚኑ ሲተንና አየሩ በጠባቡ ሲያልፍ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ሞተሩ መጀመሪያ ትንሽ ይዳከማል፣ ከዚያ ማንኮራፋት ይጀምራል። ማሞቂያውን ቀድመህ ክፈት። ካራቫን ሞተሯ ተርባይን ነው፣ ካርቡሬተር ስለሌላት ይህ የለባትም።

ሚኒያፖሊስ ያለሁ ወሎዬ፦

ሙጋድ፣ ለዩቲዩቡ እኔ ልመልስልህ። እዚህ ሚኒሶታ ነው የምኖረው፣ ትንሽ አየር ማረፊያ አጠገብ። ያየኸው ቪዲዮ የትልልቅ ጄቶች ነው። እነሱ ከመነሳታቸው በፊት ግላይኮል የሚባል ትኩስ ፈሳሽ በቱቦ ይረጭባቸዋል። የክንፋቸው ፊት ከሞተሩ በሚመጣ አየር ይሞቃል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከደመናው በላይ ናቸው። ትንንሾቹ ጋ ግን ያን ቀን ነፍስ ያለው ነገር አይንቀሳቀስም። ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ቤት ማለቴ ነው፣ ያለው እዚያ ቆልፎ ይሄዳል፣ የሌለው አስሮ አላህን ይለምናል።

እዚህ «ብሊዛርድ» የሚባለው ዝም ብሎ በረዶ አይደለም። ንፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ እይታ ከ400 ሜትር በታች፣ ይህ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። ያን ቀን ከቤትህ እስከ መኪናህ መሄድ ራሱ ሥራ ነው።

ግን ወላሂ ሰው የሚገድለው ሁልጊዜ ያ ትልቁ ማዕበል አይደለም። ማታ ማታ ክንፍ ላይ የምትቀመጥ ስስ ውርጭ አለች። የአሸዋ ወረቀት ታውቃላችሁ አይደል፣ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበት? ልክ እሱን ያህል ሻካራ የሆነ በረዶ ክንፍ ላይ ሲኖር የማንሳት ኃይሉን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን መጎተት እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። በዓይን ብታየው እርጥበት ነው የሚመስልህ። የሸዋበር ካራቫን ራሷ በዚህ የታወቀች ናት። ብርድ አገር ብዙ አደጋ ስላጋጠማት የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን አብራሪው በብርድ ወቅት ክንፏን በእጁ እየዳበሰ እንዲያይ ግዴታ አድርጎታል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በንጋት ሰውየው መሰላል ላይ ወጥቶ ጓንቱን አውልቆ ክንፉን ይዳብሳል። ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ላይ ባዶ እጅ!

ባዲ ሆሊ የሚባል የሮክ ዘፋኝ ነበር። በፈረንጆች 1959 በየካቲት መጀመሪያ፣ የሙዚቃ ጉዞ ላይ ሳሉ የአውቶብሳቸው ማሞቂያ ተበላሽቶ በብርድ ተሠቃዩ። እሱም ክሊር ሌክ ከምትባል የአዮዋ ከተማ ባለ አንድ ሞተር ቢችክራፍት ቦናንዛ ተከራየ። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ በረዶ ያንጠባጥባል። አብራሪው የ21 ዓመት ልጅ ነው፣ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ፈቃድ የለውም። ስለሚመጣው ክፉ አየር የወጣው ማስጠንቀቂያም አልተነገረውም። ከተነሱ ብዙም ሳይርቁ እርሻ ላይ ወደቁ፣ አራቱም ሞቱ። ካዴቱ ስለ 178 ሰከንዱ ሲጽፍ ይህ ነው የመጣብኝ።

ባቲ ሰኞ፦

ያ አኺ፣ አስፈራራኸን እኮ። እኔ ከእንግዲህ ግመል ነው የምጋልበው።

ሙጋድ፦

እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅ። ኮምቦልቻ መንገደኛ የምታመላልሰው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ዳሽ 8 ኪው 400፣ አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ ላይ በበረዶ ወድቃ 50 ሰው ሞቷል ሲባል ሰምቻለሁ። እናቴ በሷ ነው የምትመጣው።

አሮጌው ዊንድሶክ፦

እናትህ በሰላም ትምጣ፣ አታስደንግጣት። አደጋው እውነት ነው፤ በፈረንጆች 2009 የካቲት ወር ነበር። 49ኙ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ አንዱ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ክንፉ ላይ በረዶ ነበረ፣ መርማሪዎቹ ግን ዋና ምክንያት ያሉት በረዶውን አይደለም። ፍጥነቱ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው ካፒቴኑ አፍንጫዋን ዝቅ ማድረግ ሲገባው ወደ ላይ ሳባት። ኪው 400 በረዶ የሚያራግፍ መሣሪያ፣ ሁለት ሞተርና የታመቀ አየር አላት። ከካራቫን ጋር በአንድ ዓይን አትያት። እሷም ብትሆን ግን ነጎድጓድ ውስጥ አትገባም፤ የሚገባ የለም።

የእኛን አገር ምሳሌ ከፈለጋችሁ አለ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ሚኪ ሌላንድ የሚባሉት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የስደተኞች ጣቢያ ሊጎበኙ ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ በኩል ሄዱ። አውሮፕላኗ ትዊን ኦተር ነበረች፤ ባለ ሁለት ሞተር፣ ጎበዝ፣ ጭቃም ሜዳም ላይ የምታርፍ። ክረምቱ ድፍን ነበር። ከተራራ ጋር ተጋጨች፣ አብረዋቸው ከነበሩት ጋር 16 ሰው አለቀ። ስብርባሪውን ለማግኘት ስድስት ቀን ያህል ፈጀ። ያን የሚያህል እንግዳ ይዛ፣ ያን ያህል ሰው እየፈለጋት። በክረምት ደመና የሸፈነው ተራራ ከወደቁ በኋላ እንኳ ቶሎ አያስገኝም። በኛ ሙያ ይህን የማያውቅ አልነበረም፣ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ይነሳል።

እትዬ ሐይቅ፦

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። አስተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ቤት ነኝ። እናንተ በክረምት ላሊበላ ልረፍ አላርፍ ትከራከራላችሁ። በእኛ ጊዜ ክርክርም አልነበረም። የላሊበላ ማረፊያ አፈር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው፣ ይዘጋል። መስከረም ጠባ፣ መሬቱ ደረቀ፣ ያኔ አውሮፕላን መጣ ይባላል። አሁን አስፋልት ስለሆነ ክረምቱ የጠፋ መሰላችሁ እንጂ ሰማዩ ያው ነው።

በ1977 ረሃብ ጊዜም የማልረሳው አለ። መንገድ የማይደርስበት ደጋ ላይ ያሉትን ሰዎች ለመርዳት ሄርኩለስ የሚባሉት ትልልቆቹ እህል ከአየር ይጥሉ ነበር። መሬት የሚነኩ እስኪመስል ዝቅ ብለው ነው የሚለቁት። ከረጢቱ ሲወርድ ሕፃናቱ ወደሱ እንዳይሮጡ ሽማግሌዎች በዱላ ይከላከሉ ነበር። ያን የሚያደርጉ ሰዎች ፈሪ አልነበሩም። ደመናው ሲወርድ ግን እነሱም አይመጡም። ሕዝቡ ሰማይ ሰማይ እያየ ይውላል። እናም ሸዋበር ልጄ፣ አለቃህን ቁጣውን ይተው በለው።

የላስታ ልጅ፦

እትዬ፣ እድሜ ይስጥልን። አባቴም ስለ አፈሩ ማረፊያ ያወራ ነበር።

ሐርቡ፦

እኔ የምለው፣ ስንት ሰዓት መነሳት ነው ታዲያ የሚሻለው? ጠዋት ጠዋት ደሴ በጉም ተውጣ ነው የምናገኛት። የሐረጎን ዳገት በመኪና ስንወጣ መብራት አብርተን ነው። ከሰዓት ደግሞ ነጎድጓድ ነው ብላችኋል። መቼ ነው የሚበረረው?

አሮጌው ዊንድሶክ፦

ሐርቡ፣ ቁም ነገር ጠየቅክ። የክረምት ቀን ለትንሽ አውሮፕላን ጠባብ በር ነው ያለው። በንጋት ጉሙ ገደሉ ላይ ተኝቷል። ፀሐይ ሲነካው፣ ከሦስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ እየተነሳ ይበታተናል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ያው ሙቀት ደመናውን ማቆም ይጀምራል። ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጎድጓዱ ይመጣል። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ባለው ውስጥ መድረስ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም፤ ቀኑን ሙሉ የማይነሳ ደመናም አለ፣ ያኔ የሚበረርበት ሰዓት የለም። የሸዋበር ችግር የጀመረው ኮምቦልቻ ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ወረቀት ሲያንከራትታችሁ ነው በሩ የተዘጋው። አለቃህ የሚቆጣ ከሆነ ወረቀቱን ላዘገየው ሰው ይቆጣ።

ሌላው ነገር፣ ተሳፋሪ አብራሪን ሲጨቀጭቅ ቀልድ አይደለም። ወጣት ከሆነና ኮንትራቱ እንዳይቀርበት ከፈራ «እስቲ ገብቼ ልየው» ይላል። እስቲ ልየው ብሎ የገባ ነው ብዙውን ጊዜ ያልተመለሰው።

ካዴቱ፦

አንበጣ የመጣ ጊዜ፣ 2012ና 2013 ዓ.ም.፣ ወሎ ላይ መርጫ አውሮፕላኖች መሬት ታክከው ሲበሩ አይተናል። እነሱ እንዴት ቻሉ?

አሮጌው ዊንድሶክ፦

እነሱ አብዛኛውን ሥራ የሠሩት ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ጥቅምት አካባቢ ነው፤ ቆላ ቆላውን፣ ንፋስ ሳይነሳ። ሌላ ሙያ ነው፣ በሱ አትለካው።

ሸዋበር፦

ተመልሻለሁ። በጣም አመሰግናለሁ፣ በተለይ አሮጌው ዊንድሶክን እና እትዬን።

የሆነውን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ዝናብ ጠብ አላለም። እንዲያውም አለቃችን እስከ ማታ «ይኸው ፀሐይ!» እያለ ሲያሽሟጥጥ ነበር። ግን ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በደሴ በኩል ጦሳ ጠቆረና ነጎድጓዱ ይሰማን ጀመር። ወዲያው ንፋስ ከየት መጣ ሳይባል መጣ። አዋራውን አንስቶ በር በር እየመታ አለፈ። ኋላ ሄደን ስናያት ገመዶቿ ተወጥረው ክንፏ ይንቀጠቀጣል። ፓይለቱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ለውዝ ይበላል፣ ምንም አላለንም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ጋ ደረስን። አሁንም ጠብቁ አለን። ስልኩ ላይ የሳተላይት ምስል ከፍቶ ለአለቃችን አሳየው። ነጩ ሁሉ ከአምባሰል እስከ ላስታ ተጋድሟል። «እዚህ ጋ ነው ትናንት ልግባ ያልከኝ» አለው። አለቃችን መነጽሩን አውልቆ ቀረብ ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓት አልጠየቀም። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የተነሳነው። ደላንታ ላይ ስንደርስ ጉሙ ገደሉ ውስጥ ተኝቶ አምባው ብቻ ከላዩ ይታይ ነበር። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ በመኪና ስሄድ የማየው ሌላ አገር ነው።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ከነገ ወዲያ በዚያችው ነው የምንመለሰው። ስንመጣ ሚዛን ላይ ያወጡን እኛን ራሳችንን ነው፣ ከነሻንጣችን። ይህስ ምንድን ነው? ላሊበላ ነጭ ማር አዝዣለሁ፣ በርከት ያለ።

አሮጌው ዊንድሶክ፦

ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሰውም ጭነት ነው፣ ይመዘናል። ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቀመጥም ይታያል፣ ወፍራሙ ከኋላ አይደረግም። ሻንጣህ ለስላሳ ይሁን፣ ጠንካራ ሳጥን አይገባልህም። ማሩ ስንት ኪሎ ነው?

ሸዋበር፦

ሃያ አምስት። ለዘመድም ጭምር ነው።

የላስታ ልጅ፦

በወልድያ በኩል የሚወርድ የማውቀው አይሱዙ አለ። ማሩን ለሱ ስጠው፣ ደሴ ላይ ትቀበለዋለህ። ስልኩን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።